«ንስሐ የላቸውም» ላሉት ወንድም የተሰጠ ምላሽ

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ በደሴ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ አንድ ጽሑፍ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ሲታደል ሰነበተ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻም ደርሷል። የሚናገረው ስለ ግብረ ሰዶም ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ በአጻጻፋቸው ግን መጽሐፍ ያነበቡና ለቤተ ክርስቲያን የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ግብረ ሰዶም ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ነው፤ ሰዶም በእሳት የጠፋችው በዚህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚህ የወደቀ ሰው ንስሐ የለውም። ሐሳቡ የመጣበትም ድርጊቱን የፈጸመም አንድ ነው። በልጅነቱ የተደፈረ ልጅ ርኩሰቱ ገብቶበታልና ከሌሎች ልጆች ይለይ። ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ወይ ቶሎ ይዳረው፣ ወይ ከቤት ያስወጣው። ነገሩ የውጭ አገር ሰዎች ያመጡብን ስለሆነ ሰንበት ትምህርት ቤቶች የሚጠረጠሩትን ስም መዝግበው ያሳውቁ።

እኔ በደሴ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። ጽሑፉን አምጥተው «መምህር፣ ይሄ ትክክል ነው?» ያሉኝ ተማሪዎቼ ናቸው። በክፍል ውስጥ የመለስኩላቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ጽሑፉ የደረሰው ሁሉ ምላሹም እንዲደርሰው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ድርጊቱ ኃጢአት መሆኑ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ጌታ ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ ነገሩን ወደ ፍጥረት መጀመሪያ መልሶ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው ብሏል (ማቴ. 19፥4-6)። ዘሌዋውያን 18፥22 እና ሮሜ 1፥26-27 የሚሉትም የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በወንድና በሴት መካከል ያለውን ዝሙት ጨምሮ ከጋብቻ ውጭ ያለውን ሩካቤ ሁሉ ኃጢአት ነው ብላ ታስተምራለች። እኔም የተማርኩት ይህንን ነው፤ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። የምንለያየው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ነገር ላይ ነው፤ በኃጢአት የወደቀውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርገው በሚለው ላይ።

ከሁሉ የከበደኝ «ንስሐ የላቸውም» የሚለው ቃል ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ወንጌል ይቅር አይባልም ያለው አንድ ኃጢአት ነው፤ እርሱም መንፈስ ቅዱስን መስደብ ነው (ማቴ. 12፥31)። አባቶቻችን ይህን ሲያብራሩ የእግዚአብሔርን ምሕረት ገፍቶ እስከ ሞት ድረስ ንስሐ አልገባም ማለት ነው ይሉናል። ከዚያ ውጭ «ይህኛው በንስሐ አይሰረይም» ተብሎ የተለየ የሥጋ ኃጢአት የለም። ጸሐፊው ለሐሳባቸው ማስረጃ አድርገው የጠቀሱት 1ኛ ቆሮንቶስ 6ን ነው። ቁጥር 9ንና 10ን ጽፈው እዚያ ላይ አቁመዋል። ቁጥር 11 ግን እንዲህ ይላል፦ «ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደ እነዚህ ነበራችሁ፤ ነገር ግን በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም በእግዚአብሔርም መንፈስ ታጥባችኋል፥ ተቀድሳችኋል፥ ጸድቃችኋል።» ሐዋርያው ደብዳቤውን የጻፈው በዚህ ኃጢአት ኖረው ለተመለሱ ሰዎች ጭምር ነው። እነዚያ ሰዎች በቆሮንቶስ ከምእመናኑ ጋር አብረው ይጸልዩ፣ አብረው ይቆርቡ ነበር። ጳውሎስ ያለፈ ታሪካቸውን ያነሣባቸው ታጥበው መንጻታቸውን ሊመሰክርላቸው ነው። ቁጥር 10 ላይ ያቆመ ሰው የጳውሎስን መልእክት አልጠቀሰም፤ ግማሹን ቆርጦ ጥሏል።

ደግሞስ ጸሐፊው በየካቲት 16 ቤተ ክርስቲያን ሄደው አያውቁም? የኪዳነ ምሕረት ዕለት የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሲነገር እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተን ያደግን ነን። 78 ነፍስ የበላ፣ የገዛ ቤተሰቡን እንኳ ያልማረ ሰው ነው። በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ምሕረት አገኘ ብለን እናምናለን፤ ስንሰማም እልል እንላለን። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ ነበር፤ በኋላ የመነኮሳት አባት ሆነ። ሚያዝያ 6 የምናስባት ማርያም ግብጻዊት ብዙ ዘመን በዝሙት ኖራ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችውም መጀመሪያ ለዚያው ሥራ ነበር፤ በኋላ ግን ዮርዳኖስን ተሻግራ በበረሃ ቅድስት ሆነች። ይህን ሁሉ በስንክሳር የምታነብ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ሆና ነው ለአንድ የደሴ ወጣት «ላንተ ግን የለህም» የምትለው?

ጽሑፉ ምን እንዳደረገ ያየሁትን ልናገር፤ ልጁን ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። ወረቀቱን ያሳየኝ አንድ ወጣት በአራት አጥፎ በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀምጦታል። «ንስሐ የላቸውም» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ደጋግሞ ከማስመሩ የተነሣ ወረቀቱ ሊበሳ ምንም አልቀረው። አልቅሶም አላወራኝም፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ስለ ራሱ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ከዚህ በፊት እሑድ እሑድ ሌሊት ለኪዳን የሚደርስ ልጅ ነበር። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ግን ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ተሳልሞ እንደሚመለስ ጓደኞቹ ነገሩኝ። ወንድሜ ሆይ፣ እርስዎ የጻፉት ኃጢአትን ለማስቀረት ነበር። ይህ ልጅ ኃጢአት ይተው አይተው እኔ አላውቅም፤ ቅዳሴ ግን ትቷል። «እኔ ሕያው ነኝና… ኃጢአተኛው ከመንገዱ ተመልሶ በሕይወት ይኖር ዘንድ እንጂ ኃጢአተኛው ይሞት ዘንድ አልፈቅድም» ያለውን የሕዝቅኤልን ቃል (33፥11) ከዚያው ወረቀት ጀርባ ጻፍኩለት፤ ወስዶታል።

በየዓመቱ መስከረም 21 ለግሸን ደብረ ከርቤ የሚሄደው ሕዝብ ደሴን ሞልቶ ሲያልፍ እናያለን። ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው ጻድቅ ስለሆነ ነው እንዴ? ነፍስ ያጠፋ አለ፤ የወንድሙን ድንበር የገፋ አለ፤ ትዳሩን የበደለ አለ። ማንንም «አንተ የሠራኸው ምንድን ነው?» ብለን ከመንገድ አንመልስም፤ ውኃ እናጠጣለን፣ ማደሪያ እንሰጣለን።

አሁን ወደ ሰዶም ልምጣ። ጸሐፊው ሰዶም የጠፋችው በግብረ ሰዶም ብቻ ነው ይላሉ። የሰዶም ሰዎች የሎጥን ቤት ከበው እንግዶቹን በግድ ሊደፍሩ መነሣታቸው እውነት ነው (ዘፍ. 19)። ይሁዳም በመልእክቱ (ቁ. 7) ሰዶምና ገሞራ በዝሙት መውደቃቸውንና ሌላ ሥጋ መከተላቸውን ይናገራል። ይህን ማንም አይክድም። «ብቻ» የሚለውን ግን ነቢዩ ሕዝቅኤል አይቀበልም። በምዕራፍ 16 ቁጥር 49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ እንጀራ መጥገብን፣ ሥራ መፍታትንና የድሀውንና የችግረኛውን እጅ አለማበርታትን አስቀድሞ ነው ርኩስ ነገር ማድረጋቸውን በቁጥር 50 ያከለው። ጠግቦ ድሀን መርሳት የሰዶም ኃጢአት ከሆነ፣ ደሴ ላይም ኮምቦልቻም ላይ ስለዚህ ኃጢአት በፎቶ ኮፒ የተባዛ ወረቀት አላየሁም። ጌታ ራሱ ደግሞ በፍርድ ቀን ከቅፍርናሆም ይልቅ ለሰዶም አገር ይቀልላታል ብሏል (ማቴ. 11፥23-24)። ቅፍርናሆም የተወቀሰችው ተአምራት አይታ ንስሐ ባለመግባቷ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ምዕራፍ 18 ነው። እግዚአብሔር በሰዶም ላይ የሚመጣውን ለአብርሃም በገለጠለት ጊዜ አብርሃም ምን አደረገ? «ይገባቸዋል» አላለም። በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ 50 ጻድቃን ቢገኙስ ብሎ ጀመረ፤ 45 አለ፣ 40 አለ፣ 30 አለ፣ 20 አለ፣ እስከ 10 ወረደ። የእምነት አባት የምንለው አብርሃም ለሰዶም አማላጅ ሆኖ ቆሟል። እኛ የአብርሃም ልጆች ነን ካልን፣ አንድ ሰው በዚህ ኃጢአት ወደቀ ብለን ስንሰማ መጀመሪያ ልንሠራው የሚገባን ሥራ ይኸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ለእነዚህ ሰዎች የተጸለየ አንድ መስመር ጸሎት ፈልጌ አጣሁ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዐቢይ ጾም መታደሉ አሳዝኖኛል።

«ከኃጢአት ሁሉ የከፋ» ስለሚለው ብዙ አልልም። ከባድ ኃጢአት ነው። ነገር ግን በዚያው በዘሌዋውያን 20 ከሰው ሚስት ጋር የሚያመነዝርም በሞት እንዲቀጣ ተጽፏል (ቁ. 10)፤ መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል (11፥1)። ሰኞ ገበያ ላይ ሚዛን የሚያጭበረብረውን ነጋዴ «ንስሐ የለህም» ያለው ሰው የለም፤ ሊለውም አይገባም። ጳውሎስም በሮሜ 1 ጸሐፊው ከጠቀሱት ቁጥር ወረድ ብሎ ሐሜተኞችን፣ የሚያሾከሹኩትን፣ ፍቅር የሌላቸውን፣ ምሕረት ያጡትን በአንድነት ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ ምዕራፍ 2ን የሚከፍተው «አንተ የምትፈርድ ሰው ሁሉ ሆይ፥ የምታመካኘው የለህም» ብሎ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ሐሳብና ድርጊት አንድ ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው ማቴዎስ 5፥28ን ይጠቅሳሉ፤ ወደ ሴት አይቶ የተመኛት በልቡ አመንዝሯል የሚለውን። የጌታ ቃል ስለ ተመኘ ሰው ይናገራል፤ ወዶና ፈቅዶ ሐሳቡን በልቡ ስለሚያሳድር ሰው። ኃጢአት በኀልዮ (በማሰብ)፣ በነቢብ (በመናገር)፣ በገቢር (በመሥራት) ይሠራል ብለን እናስተምራለን፤ እውነት ነው። ግን ሳይጠሩት የመጣ ሐሳብ ሁሉ በኀልዮ የተሠራ ኃጢአት አይደለም። ሐሳብ መጥቶ ደጅ ማንኳኳቱ ፈተና ነው፤ ኃጢአት የሚሆነው ሰው ከፍቶ ሲያስገባው ነው። ያዕቆብ ይህን በ1፥14-15 በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል፤ መፈተን አለ፣ ምኞት ትፀንሳለች፣ ከዚያ ኃጢአትን ትወልዳለች። መጽሐፈ መነኮሳትን፣ ማለትም እንደ ማር ይስሐቅና አረጋዊ መንፈሳዊ ያሉትን የመነኮሳት መጻሕፍት፣ የተማረ ሰው አባቶች ከክፉ ሐሳብ ጋር ስንት ዘመን እንደ ታገሉ ያውቃል። ትግላቸውን አክሊል ይሉታል እንጂ ርኩሰት አይሉትም።

ይህን ነጥብ አጥብቄ የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ በልቡ ያለበት፣ ግን ምንም ያላደረገ፣ እየጾመና እየሰገደ ራሱን የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ጽሑፉን ቢያነብ «ያው አንድ ነህ» ይለዋል። አንድ ከሆነ ታዲያ ለምን ይታገላል? ጸሐፊው ሳያስቡት የሚጋደለውን ሰው ትጥቅ አስፈትተውታል። ጠበል ተጠምቆም፣ ሱባኤ ገብቶም ዝንባሌው ያልለቀቀው ሰው አለ፤ ይህ ንስሐው ውሸት ለመሆኑ ምልክት አይደለም። ንስሐ ማለት ከድርጊቱ መመለስ፣ ለካህን መናዘዝ፣ ቀኖናን መፈጸም፣ ሲወድቁም እንደ ገና መነሣት ነው። ፈተናው በአንድ ቀን የሚወገድለት አለ፤ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመውም አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተብሏል (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። መውጊያው ምን እንደ ነበረ አልተጻፈም፤ መልሱ ግን ለሚታገል ሁሉ ይሆናል።

አሁን የምደርስበት ነጥብ ላይ ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። ጸሐፊው በልጅነታቸው የተደፈሩ ወንዶች ልጆችን ከኃጢአተኞች ጋር ቆጥረዋል፤ ከሌሎች ልጆችም ይለዩ ብለዋል። ይህ በሥነ መለኮት ስሕተት፣ በሰውነትም ግፍ ነው። ኃጢአት ፈቃድን ይጠይቃል። በጉልበት ወይም በማታለል የተደፈረ ልጅ በደረሰበት ነገር ኃጢአት የለበትም፤ የሚናዘዘውም የለውም። ንስሐ የሚያስፈልገው ለደፈረው ሰው ነው፤ እርሱም ከንስሐው ጋር ሕግ ፊት መቆም አለበት። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 631 ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ ይህን የፈጸመ ከ15 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ልጁን ተጎጂ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሕጉ በዚህ ከጸሐፊው ይልቅ ለወንጌል ቀርቧል።

መናኸሪያ አካባቢ ጫማ የሚጠርጉትን ልጆች ተመልከቱ። በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለው ደሴና ኮምቦልቻ የገቡ፣ ከወላጅ የተለያዩ ብዙ ልጆች ነበሩ። በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ ማታ ማን ብርድ ልብስ እንደሚገልጥበት፣ ማን «ና ቤቴ እደር» እንደሚለው እናውቃለን? ጥቃት የደረሰበት ልጅ አፉን የሚለጉመው «ምን ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ደፋሪውም በዚህ ፍርሃት ይጠቀማል፤ ብትናገር አንተው ነህ የምትዋረደው ብሎ ያስፈራራዋል። አሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው የጻፈው ወረቀት መጥቶ የደፋሪውን ማስፈራሪያ እውነት አደረገለት። ከዚህ በኋላ የትኛው ልጅ ነው ደፍሮ ለመምህሩ የሚናገረው? ልጅ ይህን ሲነግራችሁ፣ «አብሽር፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ለፖሊስ አመልክቱ። በደፋሪነት የተጠረጠረው የሰፈር ሽማግሌ ወይም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቢሆንም፣ እንዲያውም ያን ጊዜ በይበልጥ፣ በሽምግልና አትሸፍኑት።

ስለ ቤተሰብ የተጻፈው ሁለት የማይስማሙ ምክሮችን ይዟል፤ ቶሎ ዳሩት፣ አለዚያ አባርሩት። ንስሐ የለውም ካሉ በኋላ ትዳር ያድነዋል ማለታቸው በራሱ አይገጥምም፤ እሱን ልለፈው። የሚያስጨንቀኝ የምትዳረው ልጅ ናት። ምንም የማታውቅ፣ ቤተሰብ ለቤተሰብ ተነጋግሮ የሰጣት አንዲት የገጠር ወይም የከተማ ልጅ የሰው መድኃኒት እንድትሆን ትገባለች። ባሏ ፊቱን ያዞርባታል፤ እሷ ደግሞ «ምን ጎደለኝ?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ምሥጢረ ተክሊል ነውር መሸፈኛ አይደለም። አንድ ሰው በንስሐ ኖሮ፣ በሙሉ ፈቃዱ፣ እውነቱንም ለምታገባው ሴት ተናግሮ ትዳር ቢመሠርት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህም ከንስሐ አባት ጋር ተመክሮበት የሚሆን ነው። የሰውን ልጅ በስውር ማጥመድ ግን በአንዱ ኃጢአት ላይ ሌላ መጨመር ነው። ማግባት የማይችል ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን የምታከብረው የድንግልና ሕይወት አለው። ብቻውን ስለ ኖረ እንደ ጎደሎ አንየው፤ በበዓል እንጥራው፤ በማኅበሩ ጽዋ ላይ ወንበር ይኑረው።

«ከቤት አስወጡት» የሚለውን ምክር በተመለከተ፣ ከኮምቦልቻ አንዲት እናት ይህንኑ ጽሑፍ ይዘው መጥተው ጠየቁኝ። የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ። በኋላ «ልጄ፣ እንጀራ ባቀርብለት ተባባሪ እሆናለሁ እንዴ?» አሉኝ። የጠየቁኝ ይህችን ብቻ ነው። ልጃቸው ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ እንኳ በእርግጥ አያውቁም፤ ሰው ያወራውን ሰምተው ነው። «እማማ፣ ያብሉት» አልኳቸው። ጌታ ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ ሲቀመጥ ፈሪሳውያን ያጉረመረሙት ልክ በዚህ ነገር ነበር (ሉቃ. 15፥2)። የጠፋው ልጅ ምሳሌም የተነገረው ለዚያ ማጉረምረም መልስ ሆኖ ነው።

ጸሐፊው ለማባረሩ የጠቀሱት «ክፉውን ከመካከላችሁ አውጡት» የሚለውን ነው (1ኛ ቆሮ. 5፥13)። እዚያ ያለው ሰው የአባቱን ሚስት አግብቶ፣ ማኅበሩም በዚህ ታብዮ፣ ንስሐ ሳይገባ በአደባባይ የተቀመጠ ሰው ነው። ሐዋርያው እንዲለይ ያዘዘውም ነፍሱ እንድትድን ብሎ ነው (5፥5)። ከዚያ በሁለተኛው መልእክት ምን አለ? ዮሐንስ አፈወርቅን የመሰሉ አባቶች ያው ሰው ነው ብለው እንደ ተረጎሙት፣ ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፣ ፍቅራችሁን አጽኑለት ብሏል (2ኛ ቆሮ. 2፥6-8)። ለመመለስ ተብሎ የተደረገን መለየት ጸሐፊው ለዘላለም መጣል አድርገውታል። ደግሞም ያ ቀኖና የሚሰጠው በካህን ነው፤ እናት በልጇ ላይ በር እንድትዘጋ የተጻፈ ትእዛዝ አይደለም። ከቤት የተባረረ የ17 ዓመት ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ መናኸሪያ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። በውጭ ያሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት አስተምህሮውን መለወጣቸው እውነት ነው፤ በዚህ ላይ የጸሐፊው ስጋት የእኔም ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በእ.ኤ.አ. 2013 በዚሁ ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣለች። እኅታችን የግብጽ ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያንም፣ ቫቲካን በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ቡራኬ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሰነድ ካወጣች በኋላ፣ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የነገረ መለኮት ውይይት አቁማለች። እነዚህ የእምነት አቋሞች ናቸው፤ በአግባቡ ተወስደዋል። ይሁን እንጂ ውድቀት ፓስፖርት አይዝም። ኃጢአት ሁሉ የባዕድ ነው ካልን በቤታችን ላለው ሰው የሚናዘዝበት ቦታ አናበጅለትም፤ «እኛ ዘንድ የለም» በተባለ ነገር ማን ደፍሮ ይናዘዛል?

የመጨረሻው ስም የመመዝገቡ ጥያቄ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት ድርጊቱ በአገራችን ወንጀል ነው። ማስረጃ መርምሮ የሚፈርደው ግን ፍርድ ቤት ነው እንጂ የሰንበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ አይደለም። ጸሐፊው «የሚጠረጠሩ» ብለው የዘረዘሯቸው ምልክቶች አረማመድ፣ የፀጉር አያያዝ፣ የድምፅ ቅጥነት ናቸው። በዚህ መለኪያ ስንቱ ንጹሕ ልጅ ስሙ ይጠፋል፤ ስንቱስ በጎረምሶች ይደበደባል? አንድ ጊዜ በሰፈር የወጣ ስም በይቅርታ አይመለስም። «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ከ10ሩ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ ለጥርጣሬ የተለየ ፈቃድ አልተጻፈም። ከዚህም ሌላ፣ ወጣቶች በእምነት ለአስተማሪያቸው የነገሩትን ነገር አስተማሪው መዝግቦ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ ነገ ወደ ካህን ዘንድ ለኑዛዜ የሚሄድ አይኖርም። ካህን የኑዛዜን ምሥጢር እንዲጠብቅ ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው የሚናዘዝ ሰው ሳይፈራ እንዲመጣ ነው።

ስለዚህ እኔ በማስተምርበት ክፍል የማንም ስም አይመዘገብም፤ ለሌሎች መምህራንም የምለው ይህንኑ ነው። ጽሑፉን አንብቦ ከቅዳሴ የቀረ ሰው ካለ ይመለስ። የንስሐ አባት የሌለው፣ ወይም ያሉትን አባት ማነጋገር ያፈረ ሰው፣ እሑድ ከጉባኤ በኋላ ያግኘኝ። ነገሩን ለእኔ መናገር አያስፈልገውም፤ የሚያዳምጡትን ካህን ብቻ አገናኘዋለሁ። ጸሐፊውም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ቁጥር 11ን አብረን እናነባለን።